ጥንስስ ይዤ አፍንጮ በር

ይህን የምጽፈው ለቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ተማሪዎቼ ነው። ግማሾቻችሁ ከደሴ ወጥታችሁ ሐይቅን አላለፋችሁም፤ አዲስ አበባ የመሄድ አሳብም የላችሁም። ስመለስ ግን ሁላችሁም «እንዴት ነበር?» ብላችሁ ያዛችሁኝ። በቃል ብጀምርላችሁ እመት ፋናዬ መሃል ላይ እየገባች አታስጨርሰኝም። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት፤ አርፋችሁ አንብቡት።

የሄድኩበትን ጉዳይ ለማታውቁ ልንገራችሁ። አባታችን ፒያሳ ሲኖር የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበርተኛ ነበር። ጽዋው በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ጽዋውን ያነሳ ሰው በሚቀጥለው ወር ለማኅበሩ ቤቱ ይደግሳል። አባቴ ሲሞት ቦታው ለታናሽ ወንድሜ ለተፈራ ተላለፈ። ተፈራ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነው፤ እጁ ወርቅ ነው፣ ጉሮሮው ግን አስቸጋሪ ነው። ጽዋውን ያነሳል፤ ቀኑ ደርሶ ማኅበርተኛው በሩ ላይ ሲቆም በሩ ዝግ ነው። ይቅር ይሉታል፣ አልቅሶ ይምላል፣ ተራው ሲመጣ ይደግመዋል። ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ ጠብታ አልቀመሰም ተባለና ጽዋውን እንደገና አስነሱት። ይህን ካበላሸ ግን የአባታችን ቦታ ለሌላ ሰው እንዲሰጥ ማኅበሩ ቆርጧል። ተፈራ ደወለና «እትዬ ዘነቡ፣ ዳቦውን የምትጋግሪልኝ አንቺ ነሽ፤ አንቺ ብቻ ነይ፣ ሌላውን እኔ አውቃለሁ» አለኝ።

እኔ ደግሞ መች ሰው የሚለውን እሰማለሁ! ጽዋ ያለ ጠላ የት አገር አለ ብዬ ከጌሾው ከብቅሉ አድርጌ ጠንስሼ፣ በቢጫ ጀሪካን ሞልቼ ክዳኑን ጥርቅም አድርጌ ተነሳሁ።

ሰኞ። ጎህ ሳይቀድ አውቶብሱ ተንቀሳቀሰ። ጦሳ ጉም ለብሶ ተኝቷል። በሐረጎ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ድፍን አለ፤ ከሚሴ ላይ ሞቀ፤ ሸዋ ሮቢት ላይ ሹራቤን አውልቄ ታቀፍኩት። እዚያ ሽሮ በላን። ሽሮው ደህና ነበር፣ የኛን ያህል በርበሬ ግን አያውቅም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍና ንቃት ተደባለቁብኝ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ቅዳሜ መጽሐፈ መሳፍንት ላይ እንደነበርን ታስታውሳላችሁ፤ ሕዝቡ ይበድላል፣ ይጨነቃል፣ ይጮኻል፣ እግዚአብሔር ያድነዋል፣ ገና እፎይ ሳይል ደግሞ ይበድላል። እመት ፋናዬ «ግን እንዴት አልሰለቸውም?» ብላ ጠይቃኝ መልስ ሳልሰጥ ነው የወጣሁት። ይህንኑ ሳወጣና ሳወርድ አውቶብሱ የቆመ መሰለኝ፤ የእስራኤል ልጆች አቧራ ለብሰው፣ ጓዝ ተሸክመው፣ ልጅ አዝለው ገቡ። መቀመጫ ስላልነበረ መሃል ላይ ቆሙ። አንዷ ሾፌሩን ትከሻውን ነካ አድርጋ «የግብፅ ሽንኩርት ናፈቀን፣ መልሰን» ስትለው፣ ሾፌሩ ምንም ሳይቆጣ በመስተዋቱ እያያት መንዳቱን ቀጠለ።

በዚህ መሃል ጧ! አለ። ነቃሁ። ጣርማ በር ዳገት ላይ ነን፣ መስኮቱ ጉም ብቻ ነው፣ የጀሪካኔ ክዳን ጣሪያ መትቶ አንድ ሽማግሌ ጭን ላይ አርፏል። ጥንስሱ አረፋውን እየደፈቀ ኮሪደሩን ይዞ ወረደ። አውቶብሱ በሙሉ ጌሾ ጌሾ ሸተተ። አፈር ልብላ! ከኋላ አንዱ «ሴትዮ፣ ሳይደርስ ነው የምትጋብዢን?» አለ፤ ሳቁ አልበርድ አለ። ሽማግሌው ግን ክዳኑን በነጠላቸው ጠርገው «ከፍታው ነው የገፋው ልጄ፤ እንዲህ ላላ አድርገሽ ዝጊው» ብለው፣ እስከ ደብረ ብርሃን ጀሪካኑን በእግራቸው ደግፈው ያዙልኝ። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ወረዱ።

ላምበረት መናኸሪያ ስደርስ ተፈራ የለም። ስደውል ስልኩ ዝግ ነው። ምን እንዳሰብኩ ታውቁታላችሁ። ታክሲ ይዤ ፒያሳ ገባሁ። ረዳቱ ጀሪካኔን አይቶ «ማዘር፣ ቤንዚን ከሆነ አንጭንም» አለ፤ አሽትቶ ደግሞ «ኧረ ይሄስ ከቤንዚን ይብሳል!» ብሎ ራሱ ተሸክሞ አስገባልኝ። ስወርድ ደግሞ የማውቀው ፒያሳ የለም። እኛም ደሴ ፒያሳ አለን፤ የኛ ፒያሳ ግን ከዓመት ዓመት እዚያው ነው። የአባቴን ቤት የማገኝበት ጥግ፣ ከጥጉ ያለው ሱቅ፣ ከሱቁ አጠገብ የነበረው ደረጃ፣ ሁሉም ፈርሶ ሰፊ መንገድ ሆኗል። ቤቶቹ በነበሩበት ሰማይ ነው ያለው። ያን የሚያህል ሰማይ ፒያሳ ላይ አይቼ አላውቅም፤ አንጋጥጬ ስቀር ሰው ገፍቶኝ ያልፋል።

ተፈራ ሰጥቶኝ የነበረ አንድ ሌላ ቁጥር ነበረኝ፤ የማኅበሩ ሙሴ የጋሽ በቀለ። የጽዋ ማኅበር አለቃ ሙሴ እንደሚባል ታውቃላችሁ። ደወልኩ። ኮት ከነከረባት ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ከጊዮርጊስ በኩል እየተጣደፉ መጡ።

«አንቺ ነሽ የተፈራ እህት? ኮንዶሚኒየም ከሰጡኝ ወዲህ እኔም እዚህ እንግዳ ነኝ፤ አራዳ ተወልጄ ፒያሳ ላይ መንገድ የምጠይቅ ፋራ ሆኛለሁ» አሉኝ። ስቄ ሳልጨርስ ማልቀስ ጀመርኩ። «ጠጥቶ ነው ጋሼ፤ ሊቀበለኝ አልመጣም» አልኳቸው። «መጀመሪያ አንድ ኬክ ብይ፤ በባዶ ሆድ ሰው አይከሰስም» ብለው ኬክ ቤት አስገቡኝ።

ማኪያቶዬን ሳልጨርስ ተፈራ እያለከለከ መጣ። ላብ በላብ ሆኗል፣ ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ለካ አባታችን ከደሴ በሚመላለስበት ዘመን አውቶብስ የሚቆመው መርካቶ አውቶብስ ተራ ስለነበር፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ቆሞ ሲጠብቀኝ ባትሪው አልቆበት፣ በሰው ስልክ ለጋሽ በቀለ ደውሎ ነው ያለንበትን ያወቀው። አፉን አሸተትኩት፤ ብርቱካን ብርቱካን ነው የሚለው። አፈርኩ፤ እቅፍ አድርጌ ሳምኩት።

ቤቱ አፍንጮ በር ነው፤ ግቢ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ወለሉን አሽቶ አሽቶ መልክ የሚያሳይ አድርጎታል። ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ መደርደሪያ ላይ ከጊዮርጊስ ሥዕል ሥር ተቀምጧል። ጀሪካኑን ወለሉ ላይ ሳኖረው «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ።

«ጥንስስ ነዋ! የእህትህ እጅ!»

ጀሪካኑን አየት አድርጎ «ደግ አደረግሽ እትዬ» አለና ብርቱካን ይልጥልኝ ጀመር። እኔ ምስጋና መስሎኝ ኮራሁ።

ማክሰኞ። ተነስቼ ኪታ ጋገርኩና ፈርፍሬ ከጥንስሱ ጋር አዋሃድኩት፤ ጎረቤት ያዋሰችኝ እንስራ ውስጥ ገልብጬ ከአልጋው ግርጌ አኖርኩት። ሌላ ቦታ የለማ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ በቀለ ፒያሳን አሳዩኝ፤ ያሳዩኝ ግን የሌለውን ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ቆመው በከዘራቸው «ይሄ የእማማ ሙሉ ሳሎን ነው፤ እዚህ ጋ ጽዋ አንስተናል። እዚያ ያባትሽ በር ነው፤ ዝቅ በይ፣ ጉበኑ ይመታሻል» ይሉኛል። ብታምኑኝም ባታምኑኝም ዝቅ አልኩ። ማኅበርተኛው ዛሬ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትኗል፤ ጽዋው በታክሲ ነው የሚሄደው። ይሁን እንጂ አልቀረም።

ረቡዕና ሐሙስ አንድ ሕልም ሆነው ነው የሚታዩኝ። ጠዋት ጠዋት ከጊዮርጊስ የሚመጣው ዜማ በጥቅምት ብርድ ውስጥ ተንሳፍፎ ግቢያችን ይደርሳል። ከኛ መድኃኔዓለም ዜማ ይልቅ ረጋ ያለ መሰለኝ፤ ወይም እኔ ተኝቼ ስለሰማሁት ይሆናል። ቀን ቀን ወርቅ ቤቶቹ በር ላይ እየቆምኩ የሙሽራ ቀለበት አያለሁ። ተፈራ ባንኮኒው ጥግ አጎንብሶ በትንሽ እሳት የተሰበረ ሀብል ሲያያይዝ አየሁት፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ደስ አለኝ። ቤት ስንገባ ግን እንስራው ጢስ ጢስ፣ ጣፈጥ መረር የሚል ሽታውን ለቆ ክፍሏን ሞልቷታል። ተፈራ እራት አይበላልኝም። አንዴ «እትዬ፣ ይሄን ነገር ውጪ ብናደርገው?» አለኝ።

«ብርዱ ያቆመዋል! ደግሞ ጠላ መጠጥ ነው እንዴ? እኛ ቤት እንደ ውሃ አይደል የሚጠጣው!»

«እሱስ ነው» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ዓርብ። ለንፍሮ የሚሆን ስንዴና ባቄላ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። የእንስራው አፍ ተከፍቷል። ጣሳው እርጥብ ነው፤ ድፍድፉ እስከ አንገቱ የነበረው ጎድሏል። ተፈራ የለም። እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ጋሽ በቀለ ዘንድ ደወልኩ፤ «ውጣ በሉት! ስሙን ፋቁት! ይሄ ሰው አይሆንም፣ አይሆንም!» እያልኩ ጮኽኩ። እሳቸው ሁሉንም ከሰሙ በኋላ «ነገ እንፈልገዋለን። እህል ቅመሺ» ብለው ዘጉት። ተናደድኩባቸው። አንድ ሰው እንኳ አብሮኝ አይቆጣም?

ቅዳሜ። ጊዮርጊስ ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ግንቡ ሥር ጸሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘነው። ልብሱ ተጨማዷል፤ ዓይኑ ቀልቷል። ስናየው ሊነሳ ሞከረና ተወው። እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ቀድሞ ተናገረ።

«ሳምንቱን ሙሉ አብሬው ተኛሁ እትዬ። ራስጌዬ ጽዋው፣ ግርጌዬ እንስራው። አንቺ ስትተኚ ሲፈላ እሰማዋለሁ። ለዳቦው ነይ አልኩሽ እንጂ ጠላ አምጪ አልኩሽ? እኔ ዘንድሮ ውሃ ላቀርብ የማኅበሩን ቄስ አባን አስፈቅጄ ነበር።»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብል፣ «ከደሴ ድረስ ተሸክመሽ መጥተሽ ምን ልበልሽ? ይሉኝታ ያዘኝ» አለኝ። እንግዲህ ፍረዱን፤ እኔ ሳልጠይቅ ጠንስሼ፣ እሱ ሳይናገር ፈርቶ፣ በመሃል አንድ እንስራ ይሉኝታ ሰው ገደለ። እግሩ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ በቀለ ከዘራቸውን ተደግፈው «ጥሩ፤ አሁን ሁለታችሁም ከጨረሳችሁ እንስራውን የሚያነሳልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አሉ።

ሦስታችን ተሸክመን ቦዩ ላይ ደፋነው። የጎረቤት ሰው ሁሉ ወጥቶ አየን። እንስራውን ያዋሰችኝ ሴትዮ ራሷን ይዛ «ወይኔ፣ ይሄ የመሰለ ድፍድፍ! ምነው እኔ ሞቼ ነው?» ስትል ተፈራ እንኳ ከነቀላው ዓይኑ ፈገግ አለ። ከዚያ እሱ ሊታጠብ ሄደ፤ እኔ ሊጤን አቦካሁ።

እሁድ። የዚያ ወር ጊዮርጊስ እሁድ ነበር የዋለው። ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው መምጣት ጀመረ። ከየኮንዶሚኒየሙ ሁለት ሦስት ታክሲ ቀይረው፣ አቧራ ለብሰው፣ ነጠላቸውን እያራገፉ ሲገቡ እንቅልፍ አጥቼ ስላደርኩ ነው መሰለኝ አውቶብሱ ውስጥ ያየኋቸውን መሰሉኝ። መቀመጫ ስላልበቃ አንዳንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። አባ ጸሎቱን አደረሱ፤ ዳቦው ተባረከ፤ ጽዋው ውሃ ተሞልቶ ተዞረ። ጠላው የታለ ብሎ ማንም አልጠየቀም። ከዚያ ተፈራ ተነሳ።

«ዳቦው የእህቴ ነው፣ ቤቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ዓርብ ዕለት ደግሞ ወድቄያለሁ። ደንቡን አውቃለሁ። ያባቴን ቦታ ለእህቴ ስጧት፤ እሷ ትችላለች።»

እማማ ሙሉ፣ ከሁሉም ትልቋ ናቸው፣ «ደንብ ደንብ ነው። አለበለዚያ ማኅበር አንበል፣ ቡና መጠጫ እንበለው» አሉ። ጋሽ በቀለ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልክ ነሽ ሙሉ። ደንቡን ያወጣነው እኛ ነን። እስቲ ስሙ ከመውጣቱ በፊት ደንቡን ሳይሰብር የኖረ አንድ ሰው ይነሳና እሱ ያውጣው» አሉ።

ማንም አልተነሳም። ቆይቶ ግድግዳ የተደገፈው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ባለፈው ዓመት ዳቦውን ከዳቦ ቤት ገዝቼ ነው ሚስቴ ጋገረች ያልኳችሁ።» «እናውቃለን፤ ወረቀቱ ተጣብቆበት ነበር!» አለች አንዷ። ሳቅ ሆነ። ሌላው ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ጽዋ መጠጣቱን ተናገረ፤ ይህን ሲል አልሳቀም፤ እኛም አልሳቅንም። በመጨረሻ እማማ ሙሉ ራሳቸው «ሰኔ ላይ ታምሜ የቀረሁት...» አሉና መቋጠሪያቸውን መፍታት ጀመሩ። «አልታመምኩም። ዝናብ ሰልችቶኝ ነው።»

ጋሽ በቀለ ወደ እኔ ዞሩ። «ዘነበች፣ ወንድምሽ ቦታውን ለአንቺ ሰጥቷል። ምን ትያለሽ?»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ፈለግኩት። ልጅ ሆኜ አባቴ ጽዋውን ይዞ ሲገባ እልል የምለው እኔ ነበርኩ፤ ቦታው ግን ለወንድ ልጁ ሄደ። ብይዘው ደግሞ በሩ አንድ ቀን ዝግ እንደማይሆን አውቃለሁ። ተፈራ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል፤ አንገቱ ያባቴ አንገት ነው። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ፊት ቆሜ ስንቴ ነው እነዚያን የምድረ በዳ ሰዎች የተሳደብኩት? እግዚአብሔር ግን አንዴም ሌላ ሕዝብ ፈልጎ አልሄደም። ይቆጣል፣ ይቀጣል፣ ይተዋቸዋል ስንል ደጃቸው ላይ እናገኘዋለን። ለእመት ፋናዬ ጥያቄ እዚያም መልስ አላገኘሁም። ያን ጊዜ የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ቦታው ሰው አለው» አልኩ።

ጋሽ በቀለ ቀስ ብለው ተነሱ። ጽዋውን በነጭ ጨርቁ ጠቀለሉ። «የኅዳርን ጊዮርጊስ ማን ያነሳል?» ብለው ጠየቁ፤ እየጠየቁ ግን ተፈራ ፊት ሄደው ቆመዋል። «ሙሴ፣ እኔ እኮ አልችልም» አለ ተፈራ። «ትችላለህ ወይ ብዬ አልጠየቅኩህም። ያዝ፣ ክንዴ ደከመ» አሉት። ተፈራ እጁን በልብሱ ጠርጎ ተቀበለ። እማማ ሙሉ ፊታቸውን ቋጥረው «እንግዲህ ደግሞ እልል በሉ ነው!» ብለው ከሁላችንም በፊት እልል አሉ።

ሰኞ። ተፈራ ላምበረት ድረስ ሸኘኝ፤ መናኸሪያውን አሁን ለይቶታል። ጀሪካኑን ታክሲ ውስጥ ረስቼው ቀረሁ፤ ላገኘው ይሁንለት። ደብረ ሲና ላይ ለናንተ ቆሎ ገዛሁ። ከሸዋ ሮቢት ወዲህ ያለውን አላስታውስም፤ ስነቃ የሐረጎ ዳገት ላይ ነን፣ ቤቴ ቤቴ ሸተተኝ።

ኅዳር ጊዮርጊስ ማክሰኞ ዋለ። ዕለቱን በሙሉ ከሰው ጋር ስጣላ እንደዋልኩ አይታችኋል። ከሰዓት በኋላ ደወልኩ፤ አይነሳም። ደገምኩ፤ አይነሳም። ዝግ በር ታየኝ፣ ደጁ ላይ የቆሙት አቧራ የለበሱ ሰዎች ታዩኝ። ሊጨልም ሲል አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ስሞክር ተነሳ። ጋሽ በቀለ ናቸው።

«ተፈራስ?» አልኩ፤ ሰላምታም አልሰጠሁ።

«እጁ ሊጥ ሆኖ ነው።»

«ሊጥ? እስካሁን?»

«የመጀመሪያው ዳቦ አረረበት። ሁለተኛውን እየጋገረ ነው።»

ከኋላ የተፈራ ድምፅ «እትዬ ናት? እሳቱ በዛብኝ በሏት!» ሲል ሰማሁ። ሰው ይስቃል፤ የእማማ ሙሉ ሳቅ ከሁሉም በላይ ነው።

«ታዲያ እናንተ ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኳቸው።

«እኛማ ያረረውን እየበላን እንጠብቀዋለን» አሉኝ።